ኃይሌ ገሪማ በስንት ዓመቱ ሄደ?

ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ውስጥ «ጤዛ»ን ስናይ በር ላይ የታደለችን የሕይወት ታሪክ ወረቀት ኃይሌ ገሪማ በ1938 ተወልዶ በ1967 አሜሪካ ገባ ትላለች። ታዲያ ሲሄድ የ29 ዓመት ሰው ነበር? ኧረ የለም! የመጀመሪያው በኛ፣ ሁለተኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጎንደር የተወለደው የካቲት 25 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ ማለትም ማርች 4 ቀን 1946 እ.ኤ.አ. ነውና ሲሄድ 21 ዓመት ገደማ ነበር።

1967ን በኛ ካነበብነውማ ከደርግ የሸሸ ስደተኛ አደረግነው። እሱ የሄደው በንጉሡ ጊዜ፣ ቺካጎ ቲያትር ሊማር ነው። የፊልሙ አንበርብርም ለትምህርት ወጥቶ ሲመለስ አገሩ ሌላ ሆና የጠበቀችው ሰው ነው፤ ወረቀቷ ይህን ዝምድና ነው የደበቀችብን።

መምህራን፣ ይህችን ስሌት ክፍል ውስጥ ሞክሯት። በ2005 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ፎርም ላይ 2005 እ.ኤ.አ. ተብሎ ቢሞላ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨመርበታል፤ ሕፃኑ አዋቂ ሆኖ ይመዘገባል።

ወረቀቷ ላይ ሽልማቱም ተዘበራርቋል። «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ያገኘው የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት ነው። አንደኛ የወጣው በዓመቱ ዋጋዱጉ፣ ፌስፓኮ ላይ ነው።