ዘውድ የተጫነበት ጫማ ሰፊ

ዋልት ዲዝኒ «ዳርቢ ኦጊል እና ትናንሾቹ ሰዎች» የተሰኘውን ፊልም በ1959 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ካቀረበ ወዲህ፣ የአየርላንዱ የተረት ድንክ ሌፕረኮን ሲነሣ የብዙ ሰው ዐይን ላይ የሚመጣው ዘውድ የጫነ ንጉሥና በዙሪያው የሚጨፍር ጭፍራ ነው። ፊልሙ በብልሃት መሠራቱ አይካድም። ኮምፒዩተር ባልገባበት ዘመን አንድ ሽማግሌ ከስንዝር ሰዎች ጋር በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ ሲጫወት አይቶ ማመን ቀላል ነገር አይደለም። የእኔ ቅሬታ ዘውዱ ላይ ነው።

ገበሬው ሲተርከው የኖረው ሌፕረኮን ንጉሥ የለውም፤ ጓደኛም የለውም። ገጣሚው ዊልያም በትለር ዬትስ በ1888 ባሳተመው የተረት ስብስብ ረቂቃኑን በመንጋ የሚሄዱና ብቸኞች ብሎ ሲከፍል፣ ይኸን ድንክ ያስገባው ከብቸኞቹ ጎራ ነው። ሰውዬው አጥር ሥር ተቀምጦ ጫማ የሚሰፋ ነጭናጫ ሽማግሌ ነው። የሚገኘውም በመዶሻው ድምፅ ነው። (አረንጓዴው ልብስም ቢሆን ኋላ የመጣ ነው፤ ሳሙኤል ላቨር በ1831 የገለጸው ቀይ ኮት አልብሶ ነው።)

ክሮፍተን ክሮከር በ1825 ካሳተማቸው ተረቶች አንዱን እንይ። ቶም የሚባል የገበሬ ልጅ ድንኩን ሥራ ላይ እንዳለ አፈፍ ያደርገውና ወርቅህን ካላሳየኸኝ እገድልሃለሁ ይለዋል። ድንኩ ቢጫ አበባ ያለው አረም ወደ ሞላበት ሰፊ ማሳ ይመራውና ከአንዱ ግንድ ሥር ቆፍር ይለዋል። ቶም መቆፈሪያ አልያዘም። ቀዩን የካልሲ ማሰሪያውን ፈትቶ አረሙ ላይ ያስራል፤ እንዳይፈታውም ድንኩን ያስምለዋል። ከዚያ አካፋ ሊያመጣ ይሮጣል። ሲመለስ በማሳው ላይ ያለው አረም ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ልክ የእርሱን የመሰለ ቀይ ማሰሪያ ታስሮለታል። ማሳው ደግሞ ከአርባ ኤከር በላይ ነው!

ድንኩ መሐላውን አላፈረሰም። ማሰሪያውን አልነካም። በሰው መዳፍ ውስጥ የገባ አንድ ጫማ ሰፊ፣ ጉልበተኛውን በራሱ ምልክት አሰናከለው። ፊልሙ ይኸን ሰው ዙፋን ላይ ሲያወጣው የተረቱን ሹል ጫፍ አዶለዶመው። ንጉሡና ዳርቢ የመጠጥና የቀልድ ባላንጣዎች ናቸው፤ የሚፎካከሩትም እንደ እኩያ ነው። ይኸ ደስ ይላል፤ ያስቃልም። ግን የክሮከር ድንክ እኩያ ኖሮት አያውቅም።

በ2016 የአየርላንድ መንግሥት የ2015 አገራዊ ምርት በ26.3 በመቶ አደገ ብሎ ሲያስታውቅ፣ አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ፖል ክሩግማን ነገሩን «የሌፕረኮን ኢኮኖሚክስ» ብሎ ቀለደበት። ለቁጥሩ መናር ዋናው ምክንያት የውጭ ኩባንያዎች ንብረታቸውን በወረቀት ወደ አገሪቱ ማዛወራቸው ነበር። ክሩግማን ይኸን ሲል የቶምን ማሳ አስቦ ይሁን አይሁን፣ ቀልዱ ከዲዝኒ አዳራሽ ይልቅ ለዚያ ማሳ ይቀርባል፦ ቀይ ማሰሪያው በየአረሙ ላይ አለ፤ አካፋ ይዞ የመጣው ሰው ግን የቱን እንደሚቆፍር አያውቅም።