በአንድና በሁለት መካከል

የሌላ ሰው ልብ የተተከለለት ሕመምተኛ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ ባዮፕሲ ይደረግለታል። ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ በአንገት የደም ሥር በኩል ቀጭን መቆንጠጫ አስገብቶ ከቀኙ የልብ ክፍል ከሰሊጥ ፍሬ የማይተልቁ ቁራጮች ያወጣል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የፓቶሎጂስቱ ነው፦ ሰውነቱ አዲሱን ልብ እያጠቃ ነው? ከሆነስ ምን ያህል?

መልሱ በደረጃ ይሰጣል። መሠረቱን በ1970ዎቹ በስታንፎርድ የጣሉት ታንዛኒያ የተወለዱት ፓቶሎጂስት ማርጋሬት ቢሊንግሃም ናቸው። ዓለም አቀፉ የልብና የሳንባ ንቅለ ተከላ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1990 የጋራ መለኪያ አወጣ፤ በ2004 ደግሞ ከልሶ ከ0አር (ጥቃት የለም) እስከ 3አር (ከባድ ጥቃት) ባሉ አራት ደረጃዎች ጠቀለለው። በአሮጌው መለኪያ ብዙ ሲያወዛግብ የኖረው 2ኛ ደረጃ ወደ 1አር ገባ።

ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው በ1አር እና በ2አር መካከል ነው። ሊምፎሳይት የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ሰርገው ገብተው በጡንቻው ውስጥ የጉዳት ቦታ ከሌለ ወይም አንድ ብቻ ካለ 1አር ይባላል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን 2አር ነው። ከ2አር ጀምሮ ሕመምተኛው ብዙውን ጊዜ ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ይሰጠዋል። ስቴሮይድ ልቡን ከጥቃት ያድናል፤ ነገር ግን ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1967 በኬፕታውን በክርስቲያን ባርናርድ የመጀመሪያው የሰው ልብ የተተከለለት ሕመምተኛ ከ18 ቀን በኋላ የሞተው በሳንባ ምች ነበር።

ታዲያ ፓቶሎጂስቶች ምን ያህል ይስማማሉ? ካርጎ 2 በተባለው ጥናት አንዱ ያየውን ናሙና ሌሎች የሕመምተኛውን ሁኔታ ሳያውቁ እንደገና መዘኑት። ስምምነቱ በጠቅላላው 71 ከመቶ ገደማ ሆነ። የሚያኮራ ይመስላል። 2አር እና ከዚያ በላይ በተባሉት ላይ ግን ወደ 28 ከመቶ ወረደ።

የሥራውን ጥራት ለመመዘን የሚነሳ ሰው ይህን ልዩነት ሳይረዳ አንድ እርምጃ መሄድ የለበትም። በአብዛኛው ናሙና ላይ ከባድ ጥቃት አይታይም። ከመቶ ናሙና 90ውን «ምንም የለም» የሚሉ ሁለት ሰዎች ስላይዱን ሳያዩ በዘፈቀደ ቢናገሩ እንኳ 82 ጊዜ ይስማማሉ። ስለዚህ «ባለሙያዎቻችን በአብዛኛው ይስማማሉ» የሚል ላቦራቶሪ ገና ምንም አልተናገረም። ሊጠየቅ የሚገባው በድንበሩ ላይ ስላሉት ናሙናዎች ነው።

ድንበሩን ከሚያደናግሩት ዋነኛው ኩዊልቲ የሚባለው ነገር ነው፤ በልብ ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚከማቹ የሊምፎሳይት እብጠቶች ናቸው። በራሳቸው ስቴሮይድ አያሰጡም። አንዳንዱ ግን ወደ ጡንቻው ይዘልቃል፤ ቁራጩ በአግድም ከተቆረጠ ደግሞ ከሽፋኑ የተለየ፣ ጡንቻ መሐል የበቀለ ጥቃት መስሎ ይታያል። የቀደመ ባዮፕሲ የተወሰደበትና እየዳነ ያለ ቁስልም እንዲሁ ያታልላል።

በዚህ ቦታ ጎበዙ ፓቶሎጂስት ከፈጣኑ ይለያል። የጎበዙ ሪፖርት በደረጃ ቁጥሩ ብቻ አያበቃም፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ያሳያል። ለግምገማ የሚበቁ ስንት ቁራጮች ነበሩ? ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋሉ፤ እያንዳንዱም ከግማሽ በላዩ ጠባሳ መሆን የለበትም። ናሙናው ካልበቃ አልበቃም ይላል፤ ባልበቃ ናሙና ላይ «0አር» መጻፍ በዚህ ሙያ ከሚሠሩ ከባድ ጥፋቶች አንዱ ነው፣ ምክንያቱም ሐኪሙን በሐሰት ያረጋጋል። የጉዳት ቦታዎቹን ይቆጥራል። ሊምፎሳይቶቹ ከጡንቻ ሕዋስ አጠገብ መቀመጣቸውን ብቻ ሳይሆን ሕዋሱን በእርግጥ መጉዳታቸውን ለይቶ ይጽፋል። ኩዊልቲ ካለም በስሙ ይጠራዋል። በፀረ እንግዳ አካል የሚመጣው ጥቃት የራሱ ደረጃ ስላለው ለብቻው ይመዘገባል።

ሲጠራጠር ደግሞ ጎበዙ ፓቶሎጂስት በግምት አይፈርድም። ከዚያው ቁራጭ ጠለቅ ያሉ ተጨማሪ ንጣፎች እንዲቆረጡለት ያዛል፤ እብጠቱ በሚቀጥለው ንጣፍ ከውስጠኛው ሽፋን ጋር ሲገናኝ ከታየ 2አር የመሰለው ኩዊልቲ ሆኖ ይገኛል። ቢ ሊምፎሳይትን የሚለይ ቀለምም ያግዘዋል፣ ኩዊልቲ ብዙ ቢ ሊምፎሳይት ሲይዝ በጥቃት ውስጥ የሚበዙት ቲ ሊምፎሳይትና ማክሮፋጅ ናቸውና። የሕመምተኛውን የቀድሞ ስላይዶች ከመደርደሪያ አስወጥቶ ያስተያያል፣ የሥራ ባልደረባው የመጀመሪያውን ደረጃ ሳያውቅ እንዲያይለትም ይሰጠዋል። ሁለቱ ካልተስማሙ ሪፖርቱ አለመስማማታቸውንና ያከራከራቸውን ቦታ ይጠቅሳል፤ ሐኪሙም ስቴሮይዱን ከማዘዙ በፊት የልብ አልትራሳውንዱንና የሕመምተኛውን ሁኔታ ከዚያ ጋር አገናዝቦ ይወስናል።