የቡድን ሥነ ልቡና ሕክምና መሪዎች ሥልጠና፦ በአንድ የምርምር መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሂስ

ሊበርማን፣ ያሎምና ማይልስ የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች «ኢንካውንተር ግሩፕስ፦ ፈርስት ፋክትስ» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት መጽሐፍ፣ የቡድን መሪዎችን ሥልጠና የሚያቅድ ሁሉ ዛሬም ሊያነበው የሚገባ ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ሰዎች በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ ስሜታቸውን ያለ መሸፋፈን የሚገልጹበት «ኢንካውንተር» የተባለው ዘዴ እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከ200 የሚበልጡ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በ18 ቡድኖች መደቡ፤ ጌስታልትን፣ ሳይኮድራማንና ሳይኮአናሊሲስን የመሳሰሉ ልዩ ልዩ አመራሮችንም አወዳደሩ። (ሁለቱን ቡድኖች የመራቸው ሰው ሳይሆን በቴፕ የተቀዳ ድምፅ ነበር።)

ከውጤቱ እንደምንረዳው የጽንሰ ሐሳቡ ስም መሪው በቡድኑ ውስጥ የሚሠራውን አይናገርም። አንድን ጽንሰ ሐሳብ የሚከተሉ ሁለት መሪዎች አመራራቸው ፈጽሞ ሲለያይ ታይቷል። የተሻለ ፍሬ ያስገኙት አባሎቻቸውን በርኅራኄ የሚይዙ፣ የተፈጸመውን ነገር ትርጉም የሚያስረዱ፣ ስሜትን በማነሣሣትና ሥርዓትን በማስያዝ ግን ልከኞች የሆኑት ናቸው። ከተሳታፊዎቹ 16ቱ ቶሎ የማይሽር የመንፈስ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ጉዳቱም የበዛው አባላትን በኃይል በሚጋፈጡና በሚገፋፉ መሪዎች ዘንድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው ግን መሪዎቹ የተጎዱትን ለይተው ለማወቅ አለመቻላቸው ነው። እነዚህ ጀማሪዎች አልነበሩም፤ በሙያቸው የታወቁ ሰዎች ነበሩ። ማን እንደ ተጎዳ አስቀድመው ያወቁት ጎን ለጎን የተቀመጡት የቡድን ጓደኞች ናቸው።

መጽሐፉ ጉድለት የለበትም አይባልም። ጥናቱ የተካሄደው በሕሙማን ላይ ሳይሆን በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ነው፤ የቡድኖቹም ቆይታ 30 ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ ግኝቱን እንዳለ ወደ ሕክምና ክፍል ማዛወር አይገባም። ደራስያኑ ርኅራኄ ፍሬ እንዳለው ካሳዩ በኋላ፣ ይህ ጠባይ ለሌለው ሠልጣኝ እንዴት እንደሚሰጥ በበቂ አያብራሩም። ሥርዓተ ትምህርት ለሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነበር።

ይህም ሆኖ ጥናቱ እጩ መምህራንን የምንመዝንበትን መንገድ እንደገና እንድንመረምር ያስገድደናል። የእጩው የጽንሰ ሐሳብ ፈተና ውጤትና የተቆጣጣሪው ቅጽ ብቻ አይበቁም። ተማሪ መምህሩን ሊመዝን አይገባም የሚሉ አይጠፉም፤ ነገር ግን ተማሪው የሚጠየቀው ስለ መምህሩ ችሎታ አይደለም። በክፍሉ ውስጥ ዝም ማለት ያበዛ፣ ያፈረ ወይም ከትምህርት መቅረት የጀመረ ጓደኛ እንዳለ ብቻ ነው፤ ይህንንም ስም በማይጻፍበት አንድ ገጽ ወረቀት በየወሩ መጠየቅ ይቻላል።