«እናትነት በበረዶ ላይ»፦ ወንዶቹስ የታሉ?

ባምቢስ አካባቢ ካፌ ቁጭ ብላችሁ «ሴቶች እንቁላላቸውን አስቀዝቅዘው የሚያስቀምጡት ለምንድን ነው?» ብትሉ፣ «ሥራ በልጦባቸው» የሚል መልስ አታጡም። የየል ዩኒቨርሲቲዋ አንትሮፖሎጂስት ማርሲያ ኢንሆርን እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት «እናትነት በበረዶ ላይ» ይህን ሐሳብ ያፈርሱታል። ከ150 በላይ አሜሪካውያን ሴቶችን አነጋግረዋል፤ አብዛኞቹ ያጡት አብሯቸው ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነው።

ርእሱን ግን እንደ ኢንጂነር አልወደድኩትም። የሰው እንቁላል ስፋቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ውስጡ ውኃ ይበዛዋል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ የበረዶ ቅንጣቶች ውስጡን ይጎዱታል። ስለዚህ አሁን ከውኃው ከፊሉ በመከላከያ ፈሳሽ ይተካና፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን በቅጽበት መስታወት መሰል ይሆናል። በረዶ ከተሠራማ ሥራው ተበላሸ! ደግሞ ዋስትና አይደለም፤ ዕድሉን በዋናነት የሚወስነው እንቁላሉ ሲወጣ የነበረው ዕድሜ ነው።

ዋናው ቅሬታዬ ሌላ ነው። መጽሐፉ «እኩል» የሚለውን ቃል ቢያነሳም፣ የተማሩ ሴቶች ከተማሩ ወንዶች በዝተዋል በሚለው ስሌት ላይ ያደላል። እኛ ጋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሁንም የሚበዙት ወንዶች ናቸው። ታዲያ ካዛንቺስ ቢሮ የምትሠራ የ34 ዓመት ሴት «ሰው አጣሁ» ስትላችሁ የጎደለው ቁጥር ነው? ቃለ መጠይቁ ከሴቶቹ ጋር ስለሆነ፣ ወንዶቹ ለምን እንደሚሸሹ ከራሳቸው አንሰማም።