«ገቢር» እና «ተገብሮ» ከሰዋስው ወደ ሕዋስ፦ ስለ ሁለት ስያሜዎች የቀረበ ሒስ

የሕዋስ ስስ ሽፋን፣ ማለትም ሜምብሬን፣ አንዳንዱን ነገር የሚያሳልፍ፣ አንዳንዱን የሚያግድ ድንበር ነው። ነገሮች በዚህ ድንበር የሚያልፉበትን መንገድ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት በሁለት ይከፍሉታል፤ ይኸውም ሕዋሱ ኃይል ሳያወጣ የሚፈጸመውና ኃይል እያወጣ የሚያከናውነው ነው። ክፍፍሉ ግልጽ ሲሆን፣ በአማርኛ ለመሰየም የሚቀርቡት ቃላት ግን ነገሩን ከማብራራት ይልቅ ያደበዝዙታል።

የስያሜዎቹ ምንጭ «አክቲቭ» እና «ፓሲቭ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። እነዚሁ ቃላት በሰዋስው «ገቢር» እና «ተገብሮ» ተብለው ስለ ተለመዱ፣ ተርጓሚው ያለ ብዙ ድካም ወደ ሕዋስ ሊያሻግራቸው ይቃጣዋል። ይሁን እንጂ «ደብዳቤው ተጻፈ» ስንል፣ ስሙ ባይጠቀስም ጸሐፊ መኖሩ የታወቀ ነው። ኦክስጅን ከደም ወደ ሕዋስ ሲገባ ግን የሚያስገባው የለም፤ ሞለኪዩሎቹ በገዛ እንቅስቃሴያቸው ከበዙበት ወደ አነሱበት ይሰራጫሉ። ስለዚህ «ተገብሮ» የሌለ አድራጊን ያስገምታል።

«ንቁ» እና «ንቁ ያልሆነ» የሚለው ጥንድም ከዚህ አይሻልም። ንቃት የእንቅልፍ ተቃራኒ ነው፤ ሞለኪዩሎች ግን በሁለቱም መንገድ ዕረፍት አያውቁም። «ያለ ኃይል» ማለትም ቢያጥር እንኳ እውነቱን ያጎድላል፤ ሥርጭቱ የሚፈጸመው በሙቀት በሚነሣ እንቅስቃሴ ስለ ሆነ፣ የሌለው የሕዋሱ ወጪ ብቻ ነው።

በእኛ አስተያየት፣ ከሀገራችን መልክዐ ምድር የተገኙት «ቁልቁለት» እና «አቀበት» የተሻሉ ናቸው። ውሃ ቁልቁል ሲወርድ ገፊ አይፈልግም፤ ሽቅብ የሚወጣው ግን ቀድቶ የሚሸከመው ሲኖር ነው። «የቁልቁለት ዝውውር» እና «የአቀበት ዝውውር» ብንል፣ ስያሜው ራሱ ምክንያቱን ይናገራል።

ስያሜውን በሁለት ምሳሌ እንፈትን። ዴንማርካዊው የንስ ስኩ እ.ኤ.አ. በ1957 ጥናቱን ያሳተመበትና በ1997 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያስገኘለት የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ፣ በ1 የኤቲፒ ሞለኪዩል ወጪ 3 የሶዲየም አየኖችን ያስወጣል፤ 2 የፖታሲየም አየኖችን ያስገባል። ሁለቱም ከአነሱበት ወደ በዙበት ስለሚሄዱ፣ አቀበትነቱ አያጠራጥርም።

ሁለተኛው ምሳሌ ይከብዳል። በትንሹ አንጀት ግሉኮስ አቀበት ወጥቶ ወደ ሕዋስ ሊገባ ይችላል፤ ሆኖም በመግቢያው በር ላይ ኤቲፒ አይከፈልም። ቁልቁል የሚወርደው ሶዲየም ግሉኮሱን ይዞት ይገባል፤ ሶዲየሙን ኤቲፒ ከፍሎ የሚያስወጣው በሕዋሱ ሌላ ወገን ያለው ፓምፕ ነው። ውሃም ይከተላቸዋል። በተቅማጥ ለተጎዳ ሕፃን የሚሰጠው ኦ አር ኤስ ጨውንና ስኳርን አንድነት የያዘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር በ1 ሊትር 75 ሚሊሞል ሶዲየምና 75 ሚሊሞል ግሉኮስ ነው። ይህን ለእናት የምታስረዳ የጤና ባለሙያ «ገቢር» እና «ተገብሮ» ከሚሉት የምታገኘው እርዳታ የለም። «ስኳሩ አቀበቱን የሚወጣው ቁልቁል የሚወርደውን ጨው ተደግፎ ነው» ብትል ግን ትደመጣለች።

ያቀረብነው ስያሜም እንከን አያጣም። ለአየኖች ቁልቁለቱን የሚወስነው የብዛት ልዩነት ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ሙልም ጭምር ስለ ሆነ፣ መዝገበ ቃላቱ ይህን በፍቺው ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል። ሆኖም የፍቺ ጉድለት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይሞላል፤ የተሳሳተ ስያሜ ግን ተማሪውን ለዘመናት ያሳስታል። የሙያ ቃል ሲሰየም መመዘን ያለበት የባዕዱ ቃል መልክ ሳይሆን የነገሩ ሥራ ነው እንላለን፤ ሐሳባችንንም ለባለሙያዎች ውይይት እናቀርባለን።