ፈቃድ፣ ብቃትና ደረጃ፦ የሥራ ተቋራጮችን በሚመለከቱ ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

የሕግ ቃል ከአዋጅ ወደ ገበያ ሲወርድ ምን እንደሚደርስበት ለማየት የሚሻ ሰው፣ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ ቢከተል ብዙ የሚለቅመው ያገኛል። በሁለቱም ከተሞች ቤት ይሠራል፤ የባሕር ዛፍና የጭቃ ቤት ለብሎኬትና ለፌሮ ቦታውን እየለቀቀ ነው። አሠሪው ግንበኛውን ወይም መብራት የሚዘረጋለትን ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ፈቃድ አለህ ወይ?» ብሎ ነው። መላሹም «አለኝ» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ «አለኝ» ነው። በአሁኑ የጽሕፈት ቤት አማርኛ ቃሉ ቢያንስ ሦስት ልዩ ልዩ ወረቀቶችን ሊያመለክት ይችላል፤ ከእነዚህም ስለ ሰውየው ሙያ የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው።

በቅድሚያ የተሳካውን ቃል እናንሣ። «ተቋራጭ» የሚለው፣ «ቆረጠ» ከሚለው ግሥ ወጥቶ እንደ «ተጫራች» እና እንደ «ተከራካሪ» የእርስ በርስ ድርጊትን የሚገልጽ ስም ነው። ሥሩ ሕዝቡ ዘንድ አለ፤ ዋጋ ይቆረጣል፣ ሥራ በቁርጥ ይሰጣል፣ ዕቃውን ባለቤቱ ካቀረበ ደግሞ ውሉ በእጅ ዋጋ ነው ይባላል። «ኮንትራክተር» እንደ ልብ ቢነገርም ይህን ቃል አላጠፋውም። «ሥራው ተቋረጠ» ከሚለው ጋር መቀራረቡ ለቀልደኛ በር መክፈቱ አይካድም፤ ጣሪያ ሳያለብስ የጠፋውን ተቋራጭ «አቋራጭ» ለማለት ብዙ ብልኀት አይጠይቅም። ቢሆንም ቃሉ ሥራውን ይሠራል። ከጣሊያንኛ የመጡት «ካቦ» እና «ፌሮ» እንኳ በግንባታው ዘንድ ተዋሕደው ማንንም አላሳሳቱም። እያሳሳተን ያለው የውጭው ቃል ሳይሆን ያለ ልክ የተጫነው የራሳችን ቃል ነው።

«ፈቃድ» የግዕዙ «ፈቀደ» ልጅ ነው፤ መሻትን፣ መውደድን፣ እሺ ማለትን ያመለክታል። ስለዚህ ፈቃድ ምን ጊዜም የሰጪው ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻዎችን በምድብ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ከፍሎ የግንባታ ፈቃድን ጉዳይ ለ«ሕንጻ ሹም» ሲሰጥ ቃሉን በቦታው አውሎታል፤ «ሹም» መባሉም በጎ ምርጫ ነበር። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 የሚሰጠው የንግድ ፈቃድም እንዲሁ ነው፤ መንግሥት ሰውየው እንዲነግድ እሺ አለ ማለት ነው። የሙያ ችሎታ ግን በማንም እሺታ አይመጣም። ችሎታ በሰውየው ዘንድ አለ ወይም የለም፤ ሌላው ሊያደርግ የሚችለው ስለ ችሎታው መመስከር ብቻ ነው። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ይህን ልዩነት ያውቃል፤ ኃይል ለሚያመነጨውና ለሚያስተላልፈው ፈቃድ፣ ለኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጩ ደግሞ የብቃት ማረጋገጫ ብሎ ይለያል። ከአዋጁ ወጥቶ ቢሮና ገበያ ሲደርስ ግን ሁሉም «ፈቃድ» ሆኖ ይቀራል።

ጉዳቱ የሰዋስው ጉዳት ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 ኪሎዋት በላይ ኃይል ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 15 አምፔር የሚጠጋ ማለት ነው። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ የተቀጠለ ምጣድ ሽቦውን ያግለዋል፤ ግድግዳው ማገርና ጭቃ፣ ጣሪያው የባሕር ዛፍ ወራጅ ከሆነ የሚከተለው ግልጽ ነው። የመሬት ሽቦ ካልተዘረጋም የምጣዱ ብረት ራሱ ሰው ሊይዝ ይችላል። የሞጣዋ እመቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የንግድ ፈቃድ አይታ ሙያ የተመሰከረለት ሰው አገኘሁ ብትል ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ ሁለቱን በአንድ ስም የጠራነው እኛ ነን።

«ደረጃ» የባሰ ነው። ጠቅላላ፣ ሕንጻና መንገድ ተቋራጮች ለረጅም ዓመታት በ10 ደረጃዎች ተመድበው ሲመዘገቡ ቆይተዋል። በካፒታል፣ በባለሙያና በመሣሪያ የሚለካው ይህ ደረጃ ከፍተኛው 1፣ ዝቅተኛው 10 ነው። በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ግን ዝቅተኛው ደረጃ 1 ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ደረጃው ከፍ ይላል። እንግዲህ አንድ የቢቸና ወጣት በሥልጠናው ከደረጃ 1 ወደ ደረጃ 4 ሲሻገር አደገ ይባላል፤ ድርጅት አቋቁሞ ከደረጃ 4 ወደ ደረጃ 1 ሲሻገርም አደገ ይባላል። «ደረጃ 4 ነኝ» የሚለውን ሰው የሰማ ባለቤት ይደሰት ወይስ ይስጋ? በዚህ ላይ የዕቃው የጥራት መለኪያም «የኢትዮጵያ ደረጃ» ነው፤ ሽቦውም ደረጃ አለው ማለት ነው። ተቋራጩ ፎቅ ሲሠራ የሚያቆመው መወጣጫም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ደረጃ ነው።

ደረጃ ከታች ወደ ላይ የሚወጡበት ነውና ለሥልጠናው ይተው። ለተቋራጮች «ማዕረግ» ይሻላል፤ «አንደኛ ማዕረግ» ሲባል የበላዩ መሆኑን ማንም አማርኛ ተናጋሪ ሳይነገረው ይረዳል። «እርከን» የሚሉ ይኖራሉ፤ እርሱን ግን ደመወዝና የአፈር ጥበቃ ቀድመው ወስደውታል።

«የብቃት ማረጋገጫ» ለድርጅት ይሁን። ዛሬ ድርጅቱ ለንግድ ፈቃድ የሚያቀርበውም፣ ሠልጣኙ ተመዝኖ የሚቀበለውም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ሕዝቡ የሠልጣኙን ለመለየት «ሲኦሲ» ማለቱ ስሙ ስላልበቃው ነው። ጎጃም ግን ለዚህ ቃል አላጣም። ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ብዙ አይርቅም፤ በአብነት ትምህርት ሙያውን ጨርሶ በሊቁ ፊት የተፈተነ ሰው «አስመሰከረ» እንደሚባል አገሩ ያውቃል። ድጓ የተማረው ዓባይን ተሻግሮ ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል እንጂ የድጓ ፈቃድ አወጣ አይባልም። ግሡ ፈታኙን፣ ተፈታኙንና ምስክርነቱን የሚሰማውን ሕዝብ በአንድ ቃል ይዟል። «ምስክር» የችሎት ቃል ነው የሚል ተቃውሞ እጠብቃለሁ፤ ነገር ግን «የምስክር ወረቀት» ስንል ቃሉን ከችሎት ካወጣነው ቆይተናል።

«ኤሌክትሪሺያን» ለሚባለውም ሕዝቡ መብራት ይዘረጋል ይላልና «መብራት ዘርጊ» ማለት ይበቃል። የሰሌዳው ጽሑፍ ዛሬ በላቲን ፊደላትና በቁጥር ከሚጻፍ «አምስተኛ ማዕረግ ሕንጻ ተቋራጭ፤ ያስመሰከሩ መብራት ዘርጊዎች ያሉት» ቢባል የቢቸና ገበያተኛ ያለ አስተርጓሚ ያነበዋል።