«አቤት» ከጭሮ ሲደመጥ

«የኛ» የተባለው የአምስት ወጣት ሴቶች ቡድን በ2005 ዓ.ም. «አቤት» በተሰኘ ዘፈን ተዋወቀ። ቡድኑን ያቆመው የዘፈን ሽያጭ ሳይሆን የብሪታንያ መንግሥት ርዳታ ነበር። ርዳታው በ2009 ዓ.ም. ሲቋረጥ ክርክሩ በገንዘቡ ላይ አተኮረ። እኔ ግን ርእሱን መመርመር እሻለሁ።

«አቤት» ኅብረ ቃል ነው። ልጅ ታላቅ ሲጠራት የምትመልሰው የትሕትና ቃል ነው፤ ተበዳይ በዳኛ ፊት የሚያሰማው ጩኸትም ነው። ታዛዧ ልጅ ቃሏን ሳትለውጥ ከሳሽ ትሆናለች። የርእሱ ጥንካሬ በእኔ ግምት ከዚህ ይመነጫል።

ይሁንና ኅብሩ የሚፈታው በአማርኛ ነው። የቡድኑ የሬዲዮ ድራማም በመጀመሪያ የታለመው ለአዲስ አበባና ለአማራ ክልል አድማጮች ነበር። በጭሮ፣ በሂርናና በገለምሶ ግን የብዙዎቹ ልጃገረዶች የቤት ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። አማርኛውን ከትምህርት ቤት ወይም ከገበያ ቢያውቁትም፣ በደላቸውን ለእናታቸው የሚነግሩት በሌላ ቃል ነው።

ታዲያ «የኛ» ሲባል እነማንን ይጨምራል? ይህን ሽያጭ አይመልሰውም። የዘፈኑን ውድቀት የምለካው በገበያው ሳይሆን ጥሪው ሳይደርስላት በቀረችው ልጅ ነው።